ከቫሉራ የመጡ ሽማግሌዎች

አዝመራው በዕድሜው ብዙ ነገር ፈርዷል። የድንበር ጠብ አብርዷል፤ ደም የተቃቡ ሰዎችን አጨባብጧል፤ በአንዲት በቅሎ ተካሰው የመጡ ወንድማማቾችን በቅሎዋን ለእህታቸው ፈርዶ አገር እያሳቀ ሸኝቷቸዋል። በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ነገር ሲከርር «አዝመራው ይጠራ» ይባላል። የጋብቻ ሽምግልና ከሆነማ አይነሣ። እሱ ደጅ ቆሞ ያልጠየቃት ሙሽራ በወረዳው ብትፈለግ ጥቂት ናት።

እንዲህ ያለው ሰው በነሐሴ መጀመሪያ፣ በፍልሰታ ጾም መካከል፣ ለገዛ ቤቱ ጉዳይ ፍርድ አጥቶ ቁጭ አለ። ዝናቡ ይወርዳል፤ ድንቹ ቆፋሪ ይጠብቃል፤ እሱ ደጁ ላይ ከጣሪያው ሥር ተቀምጦ ለከሰል የተከለውን የዲከረንስ ዛፍ ያያል። ዛፉን አይቶም አላየውም። የሚያብሰለስለው አንድ ነገር ነው፤ ልጁን የምሥራችን ይመርቃት ወይስ አይመርቃት?

የምሥራች እግሯ ፈጣን መሆኑን መጀመሪያ ያወቀው ዳንግላ ያስተማራት የስፖርት መምህር እንዳልካቸው ነው። ሰውዬው ልጅ ሲሮጥ ካየ ሥራ የሚፈታ ዓይነት ነው። «ይቺ ልጅ መንገድ ይሰጣት» ብሎ አባቷን ለመነ፤ መንገድ ተሰጣት። ባሕር ዳር ክለብ ገባች፤ ከዚያ አዲስ አበባ። እዚህ አገር ግን ሯጭ እንደ አሸዋ ነው። ሌላ ቦታ ብትወለድ ሐውልት የሚቆምላት ልጅ እኛ ጋ ወረፋ ትጠብቃለች። የምሥራችም ወረፋ ስትጠብቅ ዓመታት አለፉ፤ ለብሔራዊ ቡድን በቀረበች ቁጥር ለጥቂት ትቀራለች። እግሯ ሳይደክም ልቧ ደከመ። በመጨረሻ ወኪል ነኝ የሚል ሰው አገኛትና ባሕር ማዶ ይዟት ሄደ። ከሄደች ወዲያ አንድ ቀን ደውላ፣ «አባዬ፣ የቫሉራ ሆንኩ» አለች።

«ማነው ቫሉራ? የማን ልጅ ነው?» አለ አዝመራው።

ሰው ሳይሆን አገር ነው። እንዳልካቸው በስልኩ ካርታ አወጣና ባሕሩን ሲያሰፋ፣ ሲያሰፋ አንዲት ነጥብ ብቅ አለች። አዝመራው ዝንብ ያቆሸሸው መስሎት በጣቱ ጠረጋት። ቫሉራ ማለት ያቺ ናት። ሕዝቧ አንድ ሳይቀር ቢሰበሰብ የአዲስ ቅዳምን የቅዳሜ ገበያ አይሞላም። ባንዲራዋ ላይ ዓሣ አለ። ወደ ዓለም አቀፉ ውድድር የምትልከው ቡድን፣ ዋናተኛውም፣ ክብደት አንሺዋም፣ ጦር ወርዋሪውም፣ አለቃቸውም ተደምሮ አንድ ሚኒባስ ተጭኖ ቦታ ይተርፋል።

መንደሩ ጉዳዩን ተቀባበለው። ፍርዱን የሰጠው ውዱ ነበር፤ ውዱ የአዝመራው የልብ ወዳጅ ነው፤ በፈረሰኞች ማኅበር አብረው ያረጁ፣ ሲጋልቡም ሲጨቃጨቁም ጎን ለጎን የሆኑ ሰዎች ናቸው።

«ልጅህ ተድራለች» አለ ውዱ። «ካባቷ ቤት ወጣች? ወጣች። የነሱን እንጀራ በላች? በላች። ባዲስ ስም ትጠራለች? ትጠራለች። ከዚህ ወዲያ ምን ጋብቻ አለ?»

«አገር ሰው ያገባል እንዴ?»

«ስታየው አግብቷል።»

ሁሉም ሳቀ። አዝመራውም አብሮ ሳቀ፤ ቤቱ ሲገባ ግን ሳቁ ጠፋ። ለሰው ልጅ ሁሉ ደጅ የቆመው እሱ፣ የገዛ ልጁ ስትሄድ የሱን ደጅ የረገጠ ሰው አልነበረም። ቅር አለው። ቅር ማለት ብቻ አይደለም፤ ተዋረድኩ አለ። ለሚስቱ ለይታይሽ ሲነግራት እሷ ምስር እየለቀመች ቀና እንኳ አላለችም።

«ልጄ ደኅና ናት? በልታ ታድራለች? እኔ ሌላውን አላውቅ» አለችው።

ታዲያ በሐምሌ ማለቂያ የምሥራች ደወለች። በትልቁ ውድድር አሥር ሺህ ሜትር ልትሮጥ ነው።

«አባዬ፣ ይመርቁኝ። እርስዎ ሳይመርቁኝ አልሮጥም።»

«ከነማን ጋር ነው የምትሮጪው?»

«ከሁሉም ጋር ነው። የኛም ልጆች አሉበት።»

«የኛ» ያለችው ማንን እንደሆነ ለመጠየቅ ፈርቶ ተወው። ምርቃቱ ግን አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ምን ብሎ ይመርቃት? «ቅደሚ» ቢላት የምትቀድመው የወንዟን ልጆች ነው። «አትቅደሚ» የሚል አባት ደግሞ እስካሁን አልተፈጠረም። ግራ ሲገባው ያቺ የቆየች ቅሬታው አፈትልካ ወጣች። «ያ አገር ሽማግሌ ይላክና እንነጋገራለን» አላት።

የምሥራች ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «እሺ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

አዝመራው የተናገረው ግማሹን በንዴት፣ ግማሹን በቀልድ ነበር። ቫሉራ ግን የምር አደረገችው። ከሳምንት በኋላ እሑድ፣ እንዳልካቸው ከዳንግላ በጭቃው መጥቶ ስልኩን ከደረቱ አወጣና፣ «ጋሽ አዝመራው፣ ሽማግሌዎቹ መጥተዋል» አለ።

«የት አሉ?»

«እዚህ ውስጥ።»

ነገር በወግ ነው። አዝመራው ጋቢውን አደረገ፤ ውዱንና የአጎቱን ልጅ ስማቸውን በቀኝና በግራው አስቀመጠ፤ ስልኩ መሶቡ ላይ ተደግፎ ቆመ። የስልኩ መስተዋት በራ። ሦስት ሰዎች ታዩ፤ ሦስቱም ቆመዋል፤ ሦስቱም ነጭ የአልጋ አንሶላ ተከናንበዋል። የምሥራች ሥራ ነው። ሽማግሌ ጋቢ እንደሚያደርግ፣ የመጣበትን ሳይናገር እንደማይቀመጥ አስተምራቸዋለች። መካከለኛው ሸምገል ያለ፣ ጠጉሩ የሸበተ፣ የቡድኑ አለቃ ነው፤ አገሩ ሲገባ ጥርስ ሐኪም ነው አሉ። በስተቀኙ ወጠምሻ ልጅ፣ ዋናተኛው። በስተግራው አንሶላው ትከሻዋን አልሸፍን ያላት ክብደት አንሺ።

«ሴትም ሽማግሌ ይሆናል እንዴ?» አለ ውዱ በሹክሹክታ።

«ክንዷን አላየኸውም?» አለች ይታይሽ ከጓዳ። «እሷ ያልሆነች ማን ይሁን?»

ጥርስ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና በቋንቋው ተናገረ። ተርጓሚዋ የምሥራች ራሷ ናት፤ ከጎን ሆና ድምጿ ብቻ ይሰማል። ሙሽራ በገዛ ሽምግልናዋ አስተርጓሚ ስትሆን አዊ ውስጥ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«አባቴ ሆይ፣ ይላሉ» አለች፣ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ። «አገራችን ትንሽ ናት፤ ልጅም ጥቂት ነው ያለን። ልጅዎን ሳናስፈቅድ ወስደናል፤ አጥፍተናል። አሁን ልጃችን እንድትሆን ከነምርቃቷ እንዲሰጡን ደጅዎ ቆመናል፣ ይላሉ።»

ስማቸው ጉሮሮውን ጠረገ። አዝመራው ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ሲለሰልስ ተሰማው፤ «አጥፍተናል» የምትለዋ ቃል ቅሬታውን አጥባ ወሰደችው። ሊሰጥ ፈለገ። ልቡ ሰጥቷል። አፉ ግን የልቡ ሳይሆን የአያቶቹ ነው። ለሠላሳ ዓመት በየሰው ቤት ሲሰማውና ሲያሰማ የኖረው መልስ ሳያስበው ወጣ።

«አክብራችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ልጅ የአባት ብቻ አይደለችም፤ ዘመድ እንማክር። ክረምቱ ይውጣና መስቀል ሲያልፍ ተመለሱ።»

ውዱና ስማቸው በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ትክክለኛ መልስ ነው። በመጀመሪያ ቀን ልጁን የሚሰጥ አባት ልጁ የከበደችው ሰው ነው ይባላል። «ተመለሱ» ማለት «እሺ» ማለት ነው፤ ይህን የማያውቅ ሽማግሌ የለም።

ከቫሉራ በቀር።

የምሥራች አልተረጎመችም። «አባዬ» አለች። «አባዬ፣ ሩጫው እኮ ...»

መስተዋቱ ደረቀ። ጥርስ ሐኪሙ አፉን እንደከፈተ፣ ክብደት አንሺዋ አንሶላዋን እንደያዘች፣ ሦስቱም እንደቆሙ ቀሩ። ኔትወርኩ ሄዷል። እንዳልካቸው ስልኩን ነቀነቀ፤ ደጅ ወጥቶ ወደ ሰማይ ዘረጋው፤ ዝናቡ ብቻ ወረደበት።

«ሩጫው መቼ ነው?» አለ አዝመራው።

«ሐሙስ።»

«የትኛው ሐሙስ?»

«የዚህ ሳምንቱ፣ ጋሽ አዝመራው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አዝመራው ተቀምጦ የነበረ ሰው ቆሞ ተገኘ፤ መቼ እንደተነሣ አላወቀም። ልጅቱ ሳይመርቁኝ አልሮጥም ብላለች። እሱ ደግሞ ለሐሙስ ሩጫ የመስቀል ቀጠሮ ሰጥቷል። ይታይሽ ከጓዳ ወጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አንተ ሰው፣ ለሯጭ የክረምት ቀጠሮ ይሰጣል?»

«ወጉ ነው።»

«ወጉ ማዶ ሠፈር ላለ ሰው ነው! እነዚህ በመርከብ ይሁን በምን እንደሚመለሱ ማን ያውቃል?»

«የምሥራች ታውቀዋለች። ወጉን ታውቃለች።»

«ታውቅ ነበር» አለች ይታይሽ። «የሄደች ልጅ ምን ያህሉን ይዛ እንደሄደች በምን ታውቃለህ?»

ከዚያ እሑድ ጀምሮ እስከ ሐሙስ የአዝመራው ኑሮ ኮረብታው ላይ ሆነ። የራሱን ትንሽ ስልክ በፕላስቲክ ጠቅልሎ እየወጣ፣ ጉም ውስጥ ቆሞ አየር ላይ ያነሣዋል። ኔትወርክ የለም። በዚህ ተራራ ላይ ፈረስ ሲያሯሩጥ ያደገ ሰው አሁን አንዲት ትንሽ ምልክት ፍለጋ እንደ ዕብድ ወዲህና ወዲያ ይላል። አንዳንዴ ንዴት ይመጣበታል፤ ማን ሂጂ አላት? አንዳንዴ ራሱን ይረግማል። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነበር፤ ያ «ተመለሱ» ያለው ነገር እውነት «እሺ» ነበር? ወይስ ወጉን ተገን አድርጎ እምቢ ብሏል? ልቡን ቢጠይቀው ልቡ ጠዋት አንድ፣ ማታ ሌላ ይመልስለታል።

ሐሙስ ጠዋት፣ ባልና ሚስቱ ከውዱ ጋር በሚኒባስ ዳንግላ ወረዱ። ከመናኸሪያው ጋሪ ያዙ፤ ፈረሱ በጭቃው እየተንሸራተተ ሰርክአዲስ ሆቴል አደረሳቸው። ሰርክአዲስ ባለቤቲቱ ናት፤ ትልቅ ቴሌቪዥን ስላላት በውድድር ቀን ከተማው እሷ ጋ ነው። እንዳልካቸው ቀድሞ መጥቶ ስልኩን ሲነካካ አገኙት።

«እዚህም የለም» አለ። «ከተማውን በሙሉ አጥፍቶታል።»

«መልእክት እንኳ?»

«ምንም።»

አዳራሹ ጢም ብሏል፤ የእርጥብ ጋቢና የሻይ ሽታ። ሰርክአዲስ የአዝመራውን ማንነት ስትሰማ «የሯጯ አባት!» ብላ ከመካከል ወንበር አስለቀቀችለት። ክፉ ያደረገች አልመሰላትም። ከአጠገቡ የተቀመጠው ይሄነው የሚባል እህል ነጋዴ ነው፤ የኢትዮጵያን ባንዲራ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ ጋሼ! ልጅዎ ለኢትዮጵያ ልትሮጥልን ነው?»

«አይ፣ ለቫሉራ ነው።»

ይሄነው ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቆመ። «ታዲያ ... ዛሬ እርስዎ ለማን ነዎት?»

አዝመራው ጋቢውን አስተካከለ። ውዱ ከኋላ ደረሰለት።

«በጉግስ አማችህ ከወንድምህ ጋር ቢገጥም አንተ ለማን ትጮኻለህ?»

ይሄነው አሰበ። «እንጃ። ለማን ይጮኻል?»

«ለፈረሱ» አለ ውዱ። ሰው ሳቀ፤ ለጊዜው አዝመራውም ከጥያቄው ዳነ።

ሯጮቹ ተሰለፉ። ካሜራው ከጫፍ እስከ ጫፍ በየፊታቸው አለፈ። የኢትዮጵያ ልጆች ሲታዩ አዳራሹ ፈነዳ። የኬንያዎቹ፣ የሌሎቹ፣ ... የምሥራች የለችም። ቀርታለች ማለት ነው። የመስቀል ቀጠሮ ሰምታ ቀርታለች። ያቺ ትንሽ አገር ስንት ዓመት የጠበቀችውን ሩጫ እሱ መሶብ ፊት ተቀምጦ በአንድ ዓረፍተ ነገር ገደለው።

«ያቻት!» ጮኸች ይታይሽ።

ከኋላ ናት። ዓሣ ያለበት ሰማያዊ ማልያ ለብሳ፣ የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳ። ሕፃን ሳለች ስትቆጣም ስትፈራም እንዲሁ ነበር የምታደርገው፤ አሁን የትኛው እንደሆነ አዝመራው መለየት አልቻለም። መቅረቷ ነበር ያስፈራው፤ መቆሟን ሲያይ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ተተካ። ያለ ምርቃት ነው የምትሮጠው። ወይ ታርቃኛለች፣ ወይ ቆርጣኛለች።

ሩጫው ተጀመረ። አሥር ሺህ ሜትር ረጅም ነው፤ ለሚያይ አባት ደግሞ ከክረምቱም ይረዝማል። የኢትዮጵያ ልጆች ወደፊት ወጡ፤ የምሥራች ከኋላቸው ተጣበቀች። አዳራሹ «በርቺ! በርቺ!» ይላል። አዝመራውም ከንፈሩ «በርቺ» ይላል፤ ለማን እንደሚል አያውቅም። እሷ ወደ አንዷ ኢትዮጵያዊት በተጠጋች ቁጥር በዙሪያው ያለው ጩኸት ይቀንሳል፤ ሰው በጎን ያየዋል። ስትርቅ ጩኸቱ ይመለሳል። እሱ ተጠጊ ይላል፤ ተይ ይላል፤ ደግሞ ተጠጊ ይላል። ይታይሽ ግን ምንም ግራ አልገባትም።

«የኔ ልጅ! እግርሽን አንሺው! የኔ ልጅ!» ትላለች፣ ማንም ይየኝ ሳትል።

መጨረሻው ላይ ደወል ተደወለ፤ ፊተኞቹ ተፈተለኩ። የምሥራች መከተል ሞከረች፤ አልሆነላትም። አንዷ አለፈቻት፤ ሌላዋ አለፈቻት። የኢትዮጵያ ልጆች አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ገቡ። የምሥራች ሰባተኛ ወጣች።

አዳራሹ ወንበር ላይ ወጣ። ይሄነው አዝመራውን አቅፎ ሳመው፤ ከዚያ ማን እንደሆነ ትዝ ሲለው ደንግጦ ለቀቀው። አንዱ መጥቶ «እንኳን ደስ ያለዎት» ይላል፤ ሌላው «አይዞዎት፣ ሌላም ጊዜ አለ» ይላል። ሁለቱንም «ይስጥልኝ» አላቸው። ደስ ብሎታል? ኢትዮጵያ አሸንፋለች፤ ደስ ብሎታል። ልጁ ተሸንፋለች፤ ከፍቶታል። ሁለቱ ስሜቶች እንደ ተጣሉ በሬዎች ደረቱ ውስጥ አንዱ ሌላውን አላስቀምጥ አለው።

በዚህ መካከል ካሜራው ዞር አለ። ከሰፊው ስታዲየም አንዲት ጥግ፣ ዓሣ ያለበት ባንዲራ የያዙ ጥቂት ሰዎች አበዱ። ጥርስ ሐኪሙ እያለቀሰ ይዘልላል። ዋናተኛው መሬት ላይ ተንከባለለ። ከዚያ ክብደት አንሺዋ አጥሩን ተሻግራ ወረደችና የምሥራችን ደክማ ከወደቀችበት አንሥታ ትከሻዋ ላይ አስቀመጠቻት፤ እንደ ሕፃን። የምሥራች ከላይ ሆና ዙሪያዋን ታያለች፤ ምን እንደተፈጠረ ያልገባት ሰው ፊት ነው።

«ምን ሆነው ነው?» አለ አዝመራው። «ሰባተኛ እኮ ናት።»

«ቫሉራ ከተፈጠረች እንዲህ ያለ ደረጃ አግኝታ አታውቅም ይላል» አለ እንዳልካቸው፣ ጋዜጠኛውን እያዳመጠ።

አዝመራው ከቴሌቪዥኑ ዓይኑን አልነቀለም። በአዳራሹ ውስጥ ልጁን የሚያይ እሱና ይታይሽ ብቻ ነበሩ። ሌላው ሁሉ ይጨፍራል፤ ደግሞም እውነቱን ነው። እዚህ ሰባተኛ የሚባል ሰው የለም። ሦስተኛ ካለቀ በኋላ ቴሌቪዥኑ ይዘጋል።

ማምሻው ላይ ዝናቡ ሲያባራ የእንዳልካቸው ስልክ በአንድ ጊዜ መንጫጫት ጀመረ። ኔትወርኩ ተመልሷል። ብዙ ሳይቆይ ጥሪ ገባ። እንዳልካቸው ሳያነሣ ለአዝመራው ሰጠው። አዝመራው ከጫጫታው ሸሽቶ ወደ በረንዳው ወጣ።

«አባዬ?»

«ልጄ።»

ከዚያ እሱ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወረደው፤ ኔትወርኩን፣ ኮረብታውን፣ ሐሙስ መሆኑን አለማወቁን።

«አውቄያለሁ» አለችው። «እዚህ ሰዎቹ ደንግጠው ነበር። አለቃው እምቢ አሉን ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። እኔ አይደለም አልኳቸው፤ የኛ አገር እሺ ረጅም ነው፤ ይሄ እሺ ማለት ነው አልኳቸው።» ትንፋሿ ተሰማው። «ብያቸው ነው የሮጥኩት። ግን አባዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ አስቤያለሁ። እውነት እሺ ነበር?»

ይህችን ጥያቄ እሱ ራሱን አምስት ቀን ጠይቋት መልስ አላገኘም። ዝም ሲል እሷ ፈራችና ወሬ ለወጠች።

«ደግሞ እነዚህ ሰዎች ግራ አጋብተውኛል። ተሸክመውኝ ከተማውን ሊያዞሩኝ ነው። የገባቸው አልመሰለኝም። ሰባተኛ ነው የወጣሁት፣ ሰባተኛ ምንም ማለት አይደለም ብዬ አስረዳኋቸው። የባሰ አለቀሱ።»

አዝመራው የበረንዳውን ምሰሶ ያዘ። አፉ ዛሬ የአያቶቹን መልስ ሊያመጣለት አልሞከረም።

«ገብቷቸዋል፣ ልጄ» አላት። «እዚህ ብትሆኚ ሰባተኛሽን የሚያነሣልሽ ሰው አልነበረም። እኔም አላነሣልሽም ነበር። እውነቴን ነው የምነግርሽ። አይዞሽ ብዬሽ ስልኩን ዘግቼ ለእናትሽ ምናለ ብትቀድም እል ነበር።»

«አባዬ፣ ተዉ እንጂ ...»

«እሑድ ያልኩት እሺ ይሁን እምቢ እኔም አላወቅሁትም ነበር። ዛሬ አውቄያለሁ። ንገሪያቸው፤ መስቀልን አይጠብቁ። ሰጥቻለሁ። እግርሽን እሾህ አይንካው። በደረስሽበት ሁሉ የሚያነሣሽ ሰው አይጥፋ።»

ከወዲያ ማዶ ልቅሶ መጣ፤ ካባቷ ቤት የምትወጣ ሴት ልቅሶ። እሱ በስንቱ ደጅ ቆሞ ሰምቶታል፤ ለራሱ ግን የመጀመሪያው ነው።

ይታይሽ ደርሳ ስልኩን ከእጁ ነጠቀች። «የኔ እመቤት፣ በላሽ? አሁን ምን በላሽ?» እያለች ወደ በረንዳው ጫፍ ሄደች።

አዝመራው ብቻውን ቀረ። የሙሽራ አባት የሚያለቅስበት ሰዓት የታወቀ ነው፤ ልጁ ጉልበቱን ስማ ከደጅ ስትወጣ ነው። የሱ ልጅ ከደጁ ከወጣች ቆየች፤ ያኔ ትመለሳለች ብሎ አላለቀሰም። አሁን ጉልበቱን የሚስመው የለም፤ የሚሸኘውም የለም፤ ውስጥ ሰው ይጨፍራል። ሰዓቱ ያለፈ ይሁን ገና ይሁን ግራ ገባው። ጥቂት ቆመና ጋቢውን ወደ ፊቱ ስቦ አለቀሰ።